የንጋትና የሠርክ ብርሃን በጎንደር፦ ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ጸሎትና ስለ እውነት

ፎቶግራፍ አንሺዎች ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ካለችበት ቅጽበት አንሥቶ ጥቂት ከፍ እስክትል፣ ማታም ለመጥለቅ ካዘቀዘቀችበት አንሥቶ እስክትሰወር ያለውን ጊዜ «ጎልደን አወር» ሲሉት፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ መልክ የሚይዝበትን ወገግታና ድንግዝግዝ ደግሞ «ብሉ አወር» በማለት ይለዩታል። የዚህ ጊዜ ብርሃን ለስላሳ የሚባልበት ምክንያት በፊዚክስ የታወቀ ነው፤ ዝቅ ብላ ከምትታይ ፀሐይ የሚነሣው ጨረር ዓይን ዘንድ ከመድረሱ በፊት በቀትር ከሚያልፍበት በብዙ እጥፍ የሚረዝም የአየር ንጣፍ ማቋረጥ ስላለበት፣ ሰማያዊው የብርሃን ክፍል በአየሩ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል፣ ቢጫውና ቀዩ ያልፋል፣ የጨረሩም ኃይል ይደክማል፤ በአንጻሩ ከመላው ሰማይ የሚወርደው የተበተነ ብርሃን ጥላውን ስለሚሞላው በብሩሁና በጨለማው መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ካሜራ ሊሸከም የሚችለው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ከሰው ዓይን ችሎታ ያነሰ በመሆኑ፣ ይህ መጥበብ ለባለ ካሜራው እጅግ ይመቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሙያ ጉዳይ ነው። በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በተዘረጋው ደጋ ላይ ሲታይ ግን የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናል፤ ባለ ካሜራው የሚሻቸው ሁለቱ አጫጭር ጊዜያት ካሜራ ከመሠራቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ለጸሎት የተለዩ ናቸውና። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባል፤ አንደኛው፣ ይህ ብርሃን የሚያሳየው የነገሩን እውነተኛ መልክ ነው ወይስ ነገሩ ለጥቂት ደቂቃ የተዋሰውን ጌጥ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ሌላው ሰው ለፈጣሪው የሰጠውን ሰዓት ለምስል ማዋል ምን ዓይነት ድርጊት ነው የሚል ነው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዚያ የምትወጣውና የምትጠልቀው ወደ ቀጥታ በተጠጋ መንገድ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይ ከአድማስ ተነሥታ 6 ዲግሪ ከፍ ለማለት 25 ደቂቃ ያህል ይበቃታል፤ በዚያው ዕለት ስቶክሆልም ላይ ይኸው ጉዞ ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋል። በሰሜኑ ዓለም የተጻፉ የፎቶግራፍ መማሪያዎች «ሰዓት» የሚሉት ነገር ጎንደር ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ደጋው ላይ ደግሞ የተራራ ግንብ ከፊት ስለሚቆም ፀሐይዋ ከጀርባው ስትወጣ የወርቁ ቀለም ግማሹ አልፎ ሊገኝ ይችላል። የአገሩ የሰዓት አቆጣጠር ራሱ በዚሁ ብርሃን ላይ ቆሟል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት፣ ሌሊቱም ከምሽት ተነሥቶ ሲሆን፣ በጎንደር የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 13 ሰዓት ለጥቂት ባልሞላ ጊዜ መካከል ብቻ ስለሚለዋወጥ አቆጣጠሩ ከሰማዩ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ከዚህ የቀን ክፍፍል ጋር የጸሎቱ ሥርዓት ተገጣጥሟል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ እንዲጸልይ የታዘዘ ሲሆን፣ ከሰባቱ አንዱ «ነግህ» ማለትም የማለዳው ጸሎት፣ ሌላው «ሠርክ» ማለትም ቀኑ ሲመሽ የሚደርሰው ጸሎት ነው። መምህራን ነግህን ሌሊቱን አሳልፎ ቀኑን ስላመጣ አምላክ ከሚቀርብ ምስጋና ጋር ሲያያይዙት፣ ሠርክን ክርስቶስ ወደ መቃብር ከወረደበት ሰዓት ጋር ያያይዙታል። በአዲስ ዓለምና በሌሎች ሰፈሮች የሚኖሩት የጎንደር ሙስሊሞች ጎህ ከቀደደ በኋላ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የሱብሒን ሶላት፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ደግሞ የመግሪብን ሶላት ይሰግዳሉ። በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩት፣ አብዛኞቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ሰንበታቸውን የሚቀበሉት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። የሦስቱ እምነቶች አከባበር ቢለያይም የተገናኙበት ደጃፍ አንድ ነው፤ ባለ ካሜራው ወደዚህ ደጃፍ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ልዩነት አለ። ሰዓቱ የተከበረው ለብርሃኑ እንጂ ለፀሐይዋ አይደለም። የእስልምና ሊቃውንት ፀሐይ ብቅ በምትልበትና በምትጠልቅበት በዚያች ቅጽበት ተጨማሪ ሶላት መስገድን የከለከሉት ሰጋጁ ፀሐይን ከሚያመልኩት ጋር እንዳይመሳሰል ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድም፣ የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚተነትነው አክሲማሮስ የተባለው መጽሐፍ ከኦሪት ዘፍጥረት ተነሥቶ እንደሚያስተምረው፣ ብርሃን የተፈጠረው በዕለተ እሑድ ሲሆን ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የተፈጠሩት በዕለተ ረቡዕ ነው። መምህራኑ የእሑድን ፍጥረታት ስምንት ብለው ሲቆጥሩ አራቱን ባሕርያት ማለትም መሬትን፣ ውኃን፣ ነፋስንና እሳትን፣ ከእነርሱም ጋር ጨለማን፣ ሰማያትንና መላእክትን በአርምሞ ማለትም በዝምታ የተፈጠሩ ይሏቸዋል፤ በነቢብ ማለትም በንግግር የተፈጠረው ብርሃን ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት መሠረት ፀሐይ የሌለችበት ብርሃን ለሦስት ቀናት ነበረ፤ ፀሐይ ምንጩ ሳትሆን ኋላ የመጣች ተሸካሚው ናት።

ይህን ትምህርት የሥነ ፈለክ መግለጫ አድርጎ መውሰድ አያስፈልግም፣ ከሥነ ፈለክ ጋር ማጋጨትም ትርፍ ድካም ነው። የሚጠቅመው ስለ ብርሃን የሚያስቀምጠው ሐሳብ ነው፤ ብርሃን የሚያበራው ነገር ንብረት እንዳልሆነ ሁሉ የአብሪው አካልም ንብረት አይደለም፣ ለሁለቱም የተሰጠ ነው። ብሉ አወር የሚባለው ጊዜ ለዚህ ሐሳብ በዓይን የሚታይ ቅርብ ምሳሌ ይሆናል፤ ፀሐይ የለችም፣ ግንቡ ግን ይታያል፣ ጥላም የለውም፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ በጣት ማመልከት አይቻልም። ብዙ ባለ ካሜራዎች ፀሐይዋ ስትወጣ መጥተው ስትጠልቅ ዕቃቸውን ሸክፈው ስለሚሄዱ ይህንኑ ጊዜ ያጡታል፤ የሚያሳዝን ነው፣ ከሁለቱ ይልቅ ጥልቁ ይህ ነውና።

ብርሃን ከየት እንደመጣ የማይጠየቅበት ሌላ ቦታ በከተማዋ ምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከመጀመሪያው ክብ ሕንፃ በኋላ የተተካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜም ከጥፋት ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው፣ ትውፊቱ ደግሞ ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይላል። የጣሪያውን ውስጠኛ ክፍል የሞሉት ከመቶ በላይ የሆኑ ባለ ክንፍ የኪሩቤል ፊቶች ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን ፊቶቹ ሁሉ እኩል ብሩህ መሆናቸውና አንዱ በሌላው ላይ ጥላ አለመጣሉ ነው። በጎንደር ዘመን የመጀመሪያው የአሣሣል ስልት ቀለሙ ደማቅና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የገነነው ሁለተኛው የጎንደር ስልት ፊትንና ልብስን ቀስ በቀስ በማጨለም ሙላት መስጠትን አምጥቷል፤ ሆኖም በዚህም ጊዜ ሠዓሊው መስኮት ወይም ፀሐይ በየት በኩል እንዳለ አያስብም። የቅዱሱ ፊት የሚበራው ከውጭ የወደቀበት ነገር ስላለ ሳይሆን ቅዱስ ስለሆነ ነው። በዚሁ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ሆነው ሲሣሉ፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን ማለትም በጎን መሣላቸው የዚሁ አስተሳሰብ ሌላ ገጽ ነው፤ ሥዕሉ የሚነግረው የሰውየውን ምንነት ነው፣ ሰዓቱን አይደለም።

ፎቶግራፍ ይህን ከቶ ማድረግ አይችልም። ከጎን የሚመጣ የማለዳ ጨረር የአንዱን ሰው ግራ ጉንጭ ወርቅ ሲያለብስ ቀኝ ጉንጩን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል፣ ይህንንም የሚያደርገው ሰውየው ጻድቅ ይሁን ኃጥእ ሳይለይ ነው። ጨረሩ ለግንብም፣ ለአህያም፣ ለቆሻሻ ክምርም እኩል ይወድቃል። ሥዕሉ ስለ ምንነት ሲናገር ፎቶግራፉ ስለ መገናኘት ይናገራል፤ አንድ ነገርና አንድ ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መገናኘታቸውን ይመሰክራል። የፎቶግራፍ እውነት ሙሉ በሙሉ በዚህ ምስክርነት ውስጥ ያለ ነው፤ ሐሰቱም የሚጀምረው ከዚያ አልፎ የነገሩን ምንነት ያሳየ ሲመስል ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ የካሜራ ብልጭታ መከልከሉ ለቀለሙ ደኅንነት ሲባል መሆኑ የታወቀ ነው፣ ይሁንና ክልከላው ሳያስበው ሌላም ነገር ይጠብቃል፤ አቅጣጫ የሌለውን ብርሃን አቅጣጫ ባለው ብርሃን ከመደምሰስ ያድናል።

ምስክርነቱ ስንት ነገር እንደሚያስቀር ለማየት ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ይበቃል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የሁለቱ ምስል በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ብርሃናት ተሸፍኖ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን በገደሉ ጠርዝ አድረው ማለዳ ወደ ሜዳው ስለሚወጡ፣ ማታም ወደ ገደሉ ስለሚመለሱ፣ የእንስሳው ልማድና የባለ ካሜራው ፍላጎት ይገጥማሉ፤ ዋናው ታላቅ ገደል ግን ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበጋው ወራት ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያጋደለች ሆና ስለምትወጣ የገደሉ ፊት አብዛኛውን ጊዜ በጥላ ውስጥ ይውላል፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን አጋድላ ስለምትወጣ ያን ፊት ማብራት ትችላለች፣ የዚያ ዘመን ዋነኛው ክፍል ግን ክረምት በመሆኑ ደመናና ጉም ይጋርዱታል። በዓለም ላይ የተበተነው የስሜን ወርቃማ ምስል የተራራው ትከሻ ምስል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ እንደ ዘንግ ተዘርግቶ እንዲታይ በአየሩ ውስጥ ጭስ ወይም አቧራ ሊኖር ይገባል፤ በደጋው መንደሮች ማለዳ ከየጎጆው ጣሪያ ሥር እየሾለከ የሚወጣውና ባለ ካሜራው እጅግ የሚወደው ያ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ደግሞ እናቶች በማገዶና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ፣ ቡና ሲያፈሉ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን የሚፈጀው ጭስ ነው። ውበቱ ሐሰት አይደለም፤ ጭሱ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ውበቱን ያየ ዓይን ስለ ጭሱ ምንጭ ካልጠየቀ ግማሽ አይቷል። ቀትርም እንዲሁ ነው፤ ገበያው የሚደምቀው፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው፣ ግንበኛው ድንጋይ የሚጠርበው፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚያርፈው ካሜራ በቦርሳ ውስጥ በሚውልበት ሰዓት ነው። ጎንደር በሥዕል መጽሔቶች ላይ የምትኖረው በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀን ያልኖረ ይመስላል።

በዚህ ረገድ ከጎንደር ብዙም በማይርቀው በእንፍራዝ እንደኖረ የሚነገርለትን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብን ማስታወስ ያለ ቦታው አይሆንም። በስሙ የሚጠራው «ሐተታ»፣ ከጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ወዲህ የደራሲነቱ ጉዳይ ሊቃውንትን ሲያከራክር የቆየ ቢሆንም፣ ፈጣሪ ለሰው ልቡና የሰጠውን የማስተዋል ብርሃን ዋነኛ መመዘኛ ያደርገዋል፤ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበላቸውንም ይነቅፋል። ይህ ነቀፋ ለሰሙት ብቻ ሳይሆን ላዩትም ይሠራል። የጎንደር ግንቦች ወርቃማ ናቸው የሚለው ምስል ዛሬ በውርስ የሚተላለፍ እምነት ሆኗል፤ የግንቦቹ ድንጋይ ግን ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ወርቁም የድንጋዩ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የጸሎትን ሰዓት ለምስል የማዋል ጉዳይ፣ ጎልቶ የሚነሣው ከጥር 10 ቀን ጀምሮ ነው። የጥምቀት ዋዜማ በሆነው በከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ታቦታት በካህናት ራስ ላይ ሆነው፣ በድባብና በጃንጥላ ታጅበው፣ ወደ ዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ በዚያው ሌሊቱን ያድራል፣ ጥር 11 ማለዳ ውኃው ይባረካል። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በአጋጣሚ ወይም ያለ አጋጣሚ የሥርዓቱ ሁለት ታላላቅ ጊዜያት በሁለቱ ለስላሳ ብርሃናት ላይ ይውላሉ፣ ስለዚህም ካሜራ የሚበዛው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል የሚያልፈው ዋነኛ ነገር የማይታይ ነው፤ ታቦቱ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ የሚወጣው ከካህናት በቀር ማንም እንዳያየው ነው። ወርቃማው ጨረር የሚያርፈው በሸፈነው ጨርቅ ላይ ነው፣ ካሜራውም የሚያነሣው ጨርቁን ነው። ምስልን ሁሉ ማግኘት መብቱ ለሚመስለው ዘመን ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

የጥምቀቱ ማለዳ ሌላ ነገር ይገልጣል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ ስለሚዞሩ፣ የምትወጣው ፀሐይ የምታበራው የሚጸልየውን ሰው ፊት ነው። እንግዲህ ያን የበራ ፊት የሚፈልግ ባለ ካሜራ የግድ ከሰውየው ፊት ለፊት፣ በሰውየውና በምሥራቅ መካከል፣ ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ መቆም አለበት። በገንዳው ዙሪያ ሕዝቡ በአራቱም ማዕዘን ስለሚቆም ይህ አቋቋም ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም፤ በሚገኝበት ጊዜ ግን የነገሩን ጠባይ በአንድ እይታ ያሳያል። አንዱ ብርሃኑ ወደሚመጣበት ይመለከታል፣ ሌላው ብርሃኑ ወደ ወደቀበት። ከኋላ የሚቆም ባለ ካሜራ ደግሞ የበራ ፊት ያጣል፣ የሚያገኘው በፀሐይ ፊት የጠቆረ የሰው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከሚጸልየው ሰው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታል። በውበት ሚዛን የመጀመሪያው ምስል ሊበልጥ ይችላል፣ በሥነ ምግባር ሚዛን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ምስል መውሰድ ሁሉ ስርቆት ነው የሚለው አባባል ግን የተጋነነ ነው፤ እውነተኛው መውሰድ ምን እንደሚመስል ጎንደር ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ተልዕኮ በጎንደር የሚገኘውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ላይ ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወስዷል፣ በምትኩም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች አስቀምጧል። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ምንም አይነቅልም፤ ሊጎዳ የሚችለው ሌላ ነገር ነው፣ ይኸውም የሰውየውን ትኩረት ነው። የሚጸልይ ሰው ፊቱ እየተነሣ መሆኑን ባወቀ ቅጽበት ስለ ፊቱ ማሰብ ይጀምራል፣ ጸሎቱም በዚያው መጠን ይጎድላል። የማየት ፍላጎት ከትኩረትም በላይ ሊያስከፍል እንደሚችል በጥር 2012 ዓ.ም. ታይቷል፤ በዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለተመልካቾች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ይህን በባለ ካሜራዎች ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ የበዓሉ ሰው ሁሉ ማየት ይፈልጋልና፤ ሆኖም በዓሉ ለመታየት የቆመ ሳይሆን ለመፈጸም የቆመ መሆኑን ለሚረሳ ሁሉ ማስታወሻ ነው።

በባለ ካሜራው ወገን ሊነገር የሚገባው ነገርም አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ በብርድ ተኮራምቶ፣ ይመጣ እንደሆነ እንኳ የማያውቀውን ብርሃን የሚጠብቅ ሰው ከማኅሌታዊው ባልተናነሰ ነቅቷል። ብርሃኑን ሊያዝዘው፣ ሊገዛው፣ ሊያዘገየው አይችልም፤ ደመና ከመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ መጠበቅ ከጸሎት ጋር አንድ ነው ማለት ማጋነን ቢሆንም፣ ዘመኑ ካጣቸው ትዕግሥቶች አንዱ መሆኑ አይካድም። ጥፋቱ መጠበቁ ላይ የለም፤ ከጠበቀ በኋላ የተሰጠውን ብርሃን የራሱ፣ የተሰጠውን ፊትም የጎንደር ሙሉ መልክ አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ በነግህና በሠርክ ሰዓት ፎቶግራፍ ማንሣት በራሱ ነውር አይደለም፤ የሚጸልይን ሰው ከምሥራቅ መጋረድ ግን ነውር ነው፣ ለማንሣት የሚሻም ከጎን ወይም ከኋላ ይቁም። የጎንደርን ምስል የሚያሰራጩ የመጽሔት አዘጋጆች፣ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችና ባለ ካሜራዎችም ከማለዳው ፎቶግራፍ ጎን የቀትሩን፣ ከወርቃማው ጭስ ጎን ጭሱ የወጣበትን ምድጃና ከምድጃው ፊት የተቀመጠችውን ሴት፣ ፈቃዷን ጠይቀው፣ በአንድ ገጽ ላይ ያትሙ።